ያሳያችኋል እንጂ አያያችሁም!

ባለፈው ሳምንት ስለ ኪስ ገንዘብ ተጨዋውተን ነበር። «ገንዘቡ ይቅርና ኪሱስ መቼ አለን!» ብላችሁ የጻፋችሁልኝ ብዙ ናችሁ። ሳቄን አልቻልኩትም። ለዛሬ ግን ከኪስ ወጥተን ወደ ሜዳ እንግባ። ሜዳ ስላችሁ ታዲያ ሣር የለበሰ፣ ጎል የተተከለበት ሜዳ እንዳይመስላችሁ። የዛሬዋ ሜዳ መዳፍ ታህላለች። ቦርሳ ውስጥ ትገባለች፣ ማታ ማታ ቻርጅ ትደረጋለች። አዎ… ስልክ! የዘንድሮ ተማሪ ስፖርት የሚማረው ስልክ ላይ ሆኗል።

ነገሩን እንዳነሳው ያደረጉኝ ሁለት ደብዳቤዎች ናቸው። ደብዳቤ የምለው በልማድ ነው እንጂ ሁለቱም የመጡት በቴሌግራም ነው። ሁለቱንም አሳጥሬ ላቅርባቸው።

የመጀመሪያዋ ጸሐፊ እንዲህ ትላለች፦

«ጤና ይስጥልኝ የአምዱ አዘጋጅ። የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የምማርበት ትምህርት ቤት ግቢው ጠባብ ነው፤ ሜዳ የለውም። የስፖርት ቲቸራችን ‹የመረብ ኳስ ሰርቭና ወደፊት መንከባለልን ቲክቶክ ላይ እያያችሁ ተለማመዱ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ የተግባር ፈተና አለ› አለን። እኔ ደግሞ ወንዶቹ ፊት ስፖርት መሥራት አልወድም፤ ይስቁብኛል። ስለዚህ ክፍሌን ዘግቼ በቪዲዮ መለማመድ ጀመርኩ። ሰርቩን የቻልኩት ይመስለኛል። መንከባለሉ ግን አንገቴን እያመመኝ ነው። እናቴ ስልክ በያዝኩ ቁጥር ‹አንቺ ልጅ፣ ይሄን ነገር አስቀምጪው!› ትለኛለች። ‹እማዬ፣ ስፖርት እየተማርኩ ነው› ስላት ‹በስልክ የሚሮጥ ሰው ዛሬ ገና ሰማሁ!› ብላ ትስቅብኛለች። እውነት ጥፋተኛ ነኝ? ምን ይመክሩኛል?»

ሁለተኛው ጸሐፊ የታናሽ ወንድሙ ነገር ያሳሰበው ወጣት ነው፦

«ታናሽ ወንድሜ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ቲክቶክ ላይ ያየውን ባክ ፍሊፕ እሠራለሁ ብሎ በትምህርት ቤታቸው ጓሮ ሲሚንቶ ላይ ዘለለ። በጭንቅላቱ ሊወርድ ሲል እጁን ዘረጋና በቀኝ እጁ ላይ ወደቀ። ጓደኞቹ ከማንሳታቸው በፊት ቀርጸው ጨርሰው ነበር! አንጓው አብጦ ቤት ሲመጣ ሰፈር ያሉ ወጌሻ ዘንድ ወሰድነውና ታሸ። በሦስተኛው ቀን እብጠቱ ሲብስበት ሐኪም ቤት ሄድን። ራጅ ሲነሣ ተሰብሯል። አሁን እጁ ጀሶ ውስጥ ነው፤ ፈተና ደርሶበታል፤ የሚጽፈው ደግሞ በዚያው እጁ ነው። ቪዲዮው በሰፈሩ እየዞረ ይሳቅበታል። አባታችን ‹ስልክ የሚባል ነገር እዚህ ቤት እንዳላይ!› ብሏል። አባቴ ልክ ነው?»

ወይ ጉድ! አንድ ዓይነት አፕ፣ ሁለት ዓይነት ውጤት። አንዷ ሰርቭ ተማረችበት፣ አንዱ እጁን ሰበረበት። ታዲያ «ቲክቶክ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ብሎ መከራከር ምን ይጠቅመናል? ቢላዋም ሽንኩርት ይከትፋል፣ ጣትም ይቆርጣል። እኛ ልንነጋገር የሚገባን አያያዙን ነው።

ሰነፍ ከማለታችን በፊት ሒሳብ እንሥራ

ትልልቆቹ «የዘንድሮ ልጅ ሰነፍ ነው፤ ስፖርቱን እንኳ ተኝቶ በስልክ ነው የሚሠራው» ሲሉ እሰማለሁ። ቆይ ግን… እስቲ አብረን ሒሳብ እንሥራ። በአንድ ክፍል 60 ተማሪ አለ እንበል። የስፖርት ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ከክፍል ወጥቶ፣ ልብስ ቀይሮ፣ ተሰልፎ፣ ስም ተጠርቶ እስኪያልቅ 10 ደቂቃው ይሄዳል። የቀረው 30 ደቂቃ፣ ማለትም 1,800 ሰከንድ ነው። ኳሷ ደግሞ አንድ ነች። 1,800ን ለ60 አካፍሉት… ለአንድ ተማሪ 30 ሰከንድ!

30 ሰከንድ ማለት አንድ የቲክቶክ ቪዲዮ ማለት እኮ ነው። ልዩነቱ ቪዲዮውን መልሶ መላልሶ ማየት መቻሉ ነው። ኳሷ ግን አንዴ ካለፈች እስከ ሳምንት ደህና ሁኚ።

ሜዳ የሌለው ትምህርት ቤት ተማሪማ ያቺንም አያገኝም። በከተማችን የመኖሪያ ቤት ግቢ ተከራይቶ የተከፈተ ትምህርት ቤት ጥቂት አይደለም። መኪና ቆሞበት፣ ባንዲራ ተሰቅሎበት የቀረችው ቦታ ለገመድ ዝላይም አትበቃ። እኔ ስማርም ቢሆን ነገሩ እምብዛም አይሻልም ነበር። ስፖርት ማለት ኳስ ተወርውሮ «ተጫወቱ!» መባል ነበር። ወንዶቹ ይራገጣሉ፣ ሴቶቹ የወንዶቹን ጃኬት ይዘው ጥግ ይቆማሉ። በዓመቱ መጨረሻ ለሁሉም ማርክ ይሰጣል። ጃኬት ለመያዝ ማርክ!

ስለዚህ ልጆቹ ወደ ስልክ ቢሄዱ አይገርመኝም። ውሃ ቁልቁል ነው የሚፈሰው።

ስልኩ የሚችለው

እውነቱን እንነጋገር፤ አጫጭር ቪዲዮዎች የሚችሉት ነገር አለ። አንደኛ፣ ይደጋግማሉ። መምህር አንድን እንቅስቃሴ ሁለት ጊዜ አሳይቶ ይደክመዋል፣ ቪዲዮ ግን መቶ ጊዜ ቢጠየቅ አይሰለቸውም። አዝግሞ ማየትም ይቻላል። ኳሷ ከእጅ ስትለቅ ክንድ የት እንደነበር፣ እግር የት እንደቆመ በዝግታ ይታያል።

ሁለተኛ፣ አይስቅም። ይሄ ለብዙ ሴት እህቶቻችን ትልቅ ነገር ነው። ሜዳ ላይ ስትሮጥ የሚያፏጭ፣ ኳስ ስትስት የሚያስካካ በሞላበት አገር፣ በሯን ዘግታ የምትለማመድበት መምህር ማግኘቷ ቀላል አይደለም። የመጀመሪያዋ ጸሐፊያችን ሰርቭ የቻለችው ለዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ አንዳንዴ ከመጽሐፍ ይቀድማሉ። ለምሳሌ የ4 በ100 ሜትር ዱላ ቅብብልን ውሰዱ። አሮጌ መጽሐፍ የያዘ ተማሪ ዱላ መቀባበያው ክልል 20 ሜትር ነው ብሎ ይሸመድዳል። ደንቡ ግን እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ተሻሽሎ 30 ሜትር ሆኗል። ቅርብ ጊዜ የተሠራ ጥሩ ቪዲዮ ያየ ተማሪ ይሄን ያውቃል።

እንግዲህ ምስጋናውን ሰጠን። አሁን ደግሞ ወደ ጉዱ እንሂድ።

ስልኩ የማይነግራችሁ

ቲክቶክ ሲጀምር 15 ሰከንድ ነበር። ኋላ 60 ሰከንድ ሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ 3 ደቂቃ፣ በ2022 ደግሞ ወደ 10 ደቂቃ አደገ። ደቂቃው ቢጨመርም የእኛ ጣት ግን አልታገሠም። በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ካልተያዝን ወደ ላይ ገፋ አድርገን እናልፋለን። ቪዲዮ ሠሪውም ይሄን ያውቃል። ስለዚህ ምን ያደርጋል? ማሟሟቂያውን ይቆርጠዋል። አርባ ጊዜ የወደቀውን ይቆርጠዋል። ለስድስት ወር ፍራሽ ላይ የተለማመደውን ይቆርጠዋል። አርባ አንደኛውን፣ ያማረውን ዝላይ ሙዚቃ ጨምሮበት ይለቀዋል። እናንተ የምታዩት የሠርጉን ፎቶ እንጂ የሽምግልናውን ጣጣ አይደለም።

የዲክ ፎስበሪን ታሪክ ልንገራችሁ። የእኛው ማሞ ወልዴ ማራቶኑን ባሸነፈበት እ.ኤ.አ. በ1968ቱ የሜክሲኮ ኦሎምፒክ፣ ይህ አሜሪካዊ የከፍታ ዝላዩን በጀርባው ዘሎ 2 ሜትር ከ24 በማለፍ ወርቅ ወሰደ። ዓለም አፉን ከፍቶ ቀረ። ዛሬ የከፍታ ዝላይ ተወዳዳሪ የሚዘለው በእሱ ዘዴ ነው። ግን ልብ በሉ… ፎስበሪ በጀርባው ሲወርድ የተቀበለው ወፍራም የስፖንጅ ፍራሽ ነበር። ከዚያ በፊት በአሸዋ ላይ ይዘሉ የነበሩት በእግራቸው መውረድ ነበረባቸው። ፍራሹ ባይኖር ያ ዘዴ አንገት መስበሪያ ነው። ተመልካቹ ግን ዘላዩን እንጂ ፍራሹን አያይም። የሁለተኛው ጸሐፊያችን ወንድምም ባክ ፍሊፑን አየ፤ ከሥር ምን እንደተነጠፈ አላየም።

ሌላም አለ። ቪዲዮው እናንተ ማን እንደሆናችሁ አያውቅም። አስም ይኑርባችሁ፣ ጉልበታችሁ አምና ተጎድቶ ይሁን፣ ቁርስ ሳትበሉ ወጥታችሁ ይሁን… አይጠይቅም። አንድ ግልብጥ ካያችሁ ደግሞ አፑ «ይሄ ልጅ ግልብጥ ወዷል» ብሎ አሥር ሌላ ያመጣላችኋል፤ እያንዳንዱ ካለፈው የባሰ። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ላይ በዓለም ዙሪያ የተዛመተውን የ«ስከል ብሬከር» ጨዋታ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ሁለት ልጆች መሐል የቆመው ሲዘል እግሩን ከሥሩ ይመቱትና በጀርባው ይወድቃል። ስሙ ራሱ «ራስ ቅል ሰባሪ» ማለት ነው! ያንን ሐኪሞችና ትምህርት ቤቶች እየጮኹ ነው ያስጠነቀቁት። ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘለሉ አይሰበሩ ነበር የአባቶቻችን ተረት። የዘንድሮው ሳይጠግብም ይዘላል፤ ላይክ ካለ።

ከሁሉም በላይ ግን አንድ ነገር አለ። እሱን አንድ መምህር ነው ያሳየኝ።

መጥረጊያ የያዘው መምህር

ስፖርት የሚያስተምር ወዳጅ አለኝ። ሰሞኑን ይሄን ጽሑፍ ሳስብ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄጄ አገኘሁት። «ቲክቶክ ተማሪዎችህን አበላሸብህ?» አልኩት፣ የሚማረር መስሎኝ።

«ስማኝ ወንድሜ፣ እኔ ቲክቶክን አልጠላም። ስንት ዓመት ስለምን ስለምን ስፖርት የማይሠራ ልጅ ዛሬ በራሱ ጊዜ ተነሥቶ ይሠራል» አለኝና አንድ ቀጠን ያለ ልጅ ጠራ። «ይሄ ልጅ ፑሽ አፕ በቲክቶክ ነው የተማረው። እስቲ ስንት ትሠራለህ?»

«አርባ!» አለ ልጁ በኩራት። ወረደ፣ ጀመረ። እውነትም ፈጣን ነው። እኔ እየቆጠርኩ መደነቅ ጀምሬያለሁ።

መምህሩ አንዴ አስቆመውና ከጥግ የመጥረጊያ እንጨት አምጥቶ በልጁ ጀርባ ላይ በቁመት አጋደመው። «እንጨቱ ሦስት ቦታ መንካት አለበት፤ ጭንቅላትህን፣ ትከሻህ መሐል ያለውን ጀርባህን፣ መቀመጫህን። ሳይወድቅ ሥራ» አለው።

ልጁ አንድ ሲወርድ ወገቡ ወደ መሬት ሰመጠ፣ ጭንቅላቱ ቀድሞ ወረደ፣ እንጨቱም ተንከባለለ። ደግሞ ሞከረ። ደግሞ ወደቀ። እንጨቱን ሳይጥል መሥራት የቻለው ስድስት ብቻ ነው። ከአርባው ስድስት! ልጁ ላቡን እየጠረገ «ቲቸር፣ እኔ እኮ ቲክቶክ ላይ ያየሁት ልክ እንደዚህ ነው» አለ።

መምህሩ ምን ቢለው ጥሩ ነው? «ያየኸውማ ልክ ነው። የሠራኸውን ግን ማን አየልህ?»

ልጁም ዝም አለ፣ እኔም ዝም አልኩ። የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ስልኩ ያሳያችኋል እንጂ አያያችሁም። ወገባችሁ ሲሰምጥ፣ ጉልበታችሁ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ፣ አንገታችሁ ክብደት ሲሸከም «ተው! ቁም!» የሚል ዓይን የለውም። ስፖርት ደግሞ እንደ ታሪክ ትምህርት ተሳስቶ በኋላ የሚታረም አይደለም። ስህተቱ የሚጻፈው አጥንትና ጅማት ላይ ነው።

አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲያሸንፍ፣ ከጀርባው ኦኒ ኒስካነን የሚባል ስዊድናዊ አሰልጣኝ ነበረው። ለአበበ መሮጥ ብርቅ ሆኖበት ይመስላችኋል? ሯጭ የራሱን ሩጫ ማየት ስለማይችል ነው። አበበን ያህል ሰው የሚያየው ዓይን ካስፈለገው፣ እኛማ…

እንግዲህ ምክር ከተባለ

ከመምህሩ ወዳጄ ጋር ማኪያቶ እየጠጣን ያወጣናትን ምክር ቆርጣችሁ ደብተራችሁ ላይ ለጥፏት።

1. ሦስቴ እዩ፣ ከዚያ ሞክሩ። መጀመሪያ ሙሉውን እዩ። ሁለተኛ እግሩን ብቻ እዩ። ሦስተኛ ከሥሩ ምን እንደተነጠፈና ከጎኑ ማን እንደቆመ እዩ። ፍራሽና ደጋፊ ካለ፣ ያለ እነሱ አትሞክሩት።

2. ቪዲዮው የቆረጠውን እናንተ መልሱት። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ሰውነታችሁን አሟሙቁ፦ ሶምሶማ፣ ክንድ ማዞር፣ ጉልበት ማንሳት። ላብ ጠብ ሲል ያኔ ጀምሩ።

3. ጭንቅላት ከመቀመጫ በታች የሚወርድበትን ማንኛውንም ነገር ብቻችሁን አትሥሩ። ግልብጥ፣ በእጅ መቆም፣ መንከባለል… ሁሉም እዚህ ውስጥ ነው። ሲሚንቶ ላይማ በጭራሽ! ወደፊት ስትንከባለሉ አገጭ ደረት ላይ ይለጠፋል፣ መዳፎች በትከሻ ስፋት መሬት ይይዛሉ፣ መሬት የሚነካው ትከሻና የላይኛው ጀርባ ነው። ክብደታችሁ አናታችሁ ላይ ካረፈ ተሳስታችኋል።

4. ከደረጃው አትዝለሉ። ፑሽ አፕ መጀመሪያ ግድግዳ ተደግፎ፣ ቀጥሎ በጉልበት ተንበርክኮ፣ ከዚያ በሙሉ ቁመት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። እንቁላሉ ግን ባክ ፍሊፕ አልሠራም።

5. ስልኩን አዙሩት። ይሄ ዋናው ነው። የሰው ቪዲዮ ስታዩ ከቆያችሁ፣ አሁን ስልኩን ግድግዳ አስደግፉና ራሳችሁን ከጎን ቅረጹ። ከዚያ ሁለቱን አስተያዩ። ቪዲዮውን ለመምህራችሁ ወይም ለሚያውቅ ጓደኛ አሳዩ። ለመታረም እንጂ ለመለቀቅ አይደለም! ላይክ የሚሰጥ ሺህ ሰው ወገብህ ሰምጧል አይልህም።

6. ሕመምን ከሕመም ለዩ። አዲስ ስፖርት በሠራችሁ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ድረስ ጡንቻ ጠዝጠዝ ቢል ያለ ነው። መገጣጠሚያ ላይ የሚወጋ፣ የሚያሳብጥ፣ የሚያደነዝዝ ሕመም ግን «አቁም» ማለት ነው። ያበጠውን አሳርፉት፤ በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያዙበት፤ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት። አትሹት፣ አታሳሹት! ወጌሻን ለማንቋሸሽ አይደለም፤ ስብራት መኖር አለመኖሩን የሚያሳየው ግን ራጅ ነውና ራጁ ይቅደም። በጭንቅላቱ ወይም በአንገቱ የወደቀን ልጅ ደግሞ ጎትታችሁ ባጃጅ ውስጥ አትጫኑት። ባለበት ሳይነቃነቅ ይቆይ፤ 907 ደውላችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ጥሩ።

7. ሰዓቱን ገልብጡት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ባደረገው ጥናት ደግሞ በዓለም ዙሪያ ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉት ውስጥ 81 በመቶው ይሄን አያሟሉም። ከ5 ልጅ 4ቱ ማለት ነው! ስለዚህ 50 ደቂቃ አይቶ 10 ደቂቃ መሥራት ሳይሆን፣ 10 ደቂቃ አይቶ 50 ደቂቃ መሥራት። ሜዳ የለንም የምትሉ ደግሞ ገመድ ለመዝለል የአንድ ሰው ቁመት የምታህል ቦታ ትበቃለች። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» በሚደረግበት እሁድ ደግሞ አስፋልቱ ራሱ ሜዳ ነው።

ለሁለቱ ጸሐፊዎች

የ10ኛ ክፍሏ እህቴ፣ ጥፋተኛ አይደለሽም። ጎበዝ ነሽ እንጂ! ሌላው በስልኩ ጊዜውን ሲያቃጥል አንቺ ሰርቭ ተምረሽበታል። መንከባለሉን ግን ዛሬውኑ አቁሚ። የአንገት ሕመሙ በጥቂት ቀን ካልተወሽ ወይም ወደ ክንድሽ የሚወርድ መደንዘዝ ካለ ሐኪም ቤት ሂጂ። ፈተናው ሳይደርስ ቲቸርሽን ብቻውን አግኝተሽ «አንገቴን አሞኛል፤ የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ ይዩልኝ» በይው። ማሳየት የእሱ ሥራ ነው፤ አታፍሪ። ሴቶች ለብቻ እንዲፈተኑም ጠይቂው። ይሄን የምትፈልጊ አንቺ ብቻ እንዳልሆንሽ እርግጠኛ ነኝ፤ ሁለት ጓደኞችሽን ይዘሽ ሂጂ።

እናትሽን በተመለከተ አንድ ዘዴ ልንገርሽ። ስልኩን አትደብቂባት፤ ስጫት! «እማዬ፣ ሰርቭ ስመታ እስቲ ቅረጪኝ» በያት። ክንድሽ ቀጥ ማለቱን እንድታይልሽ ንገሪያት። እናት ደግሞ የልጇን ጉድለት ለማየት ማን ያህላታል! በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ታገኛለሽ፤ የሚያይሽ ዓይንም፣ ፈቃድም። ማን ያውቃል፣ ገመዱንም ተቀብላሽ ትዘል ይሆናል።

ለወንድሙ ላዘነው ወዳጄ፣ የአባታችሁ ንዴት ይገባኛል። የልጁ አንጓ ተሰብሮ ማን አባት ይስቃል? ግን ስልክ መንጠቅ ልጁን ተደብቆ እንዲያይ ያደርገዋል፤ ተደብቆ የሚያይ ደግሞ ተደብቆ ይዘላል። አንተ ታላቁ ስለሆንክ ንዴቱ በረድ ሲል በአክብሮት «አባዬ፣ ስልኩን እኔ ልቆጣጠርለት» በላቸው። ቪዲዮውን ያሰራጩትን ልጆች አግኝተህ እንዲያጠፉት ንገራቸው። ጓደኛ ሲወድቅ መጀመሪያ የሚዘረጋው እጅ ነው እንጂ ካሜራ አይደለም። ስለ ፈተናው ደግሞ የሐኪም ማስረጃውን ይዛችሁ ትምህርት ቤቱን አነጋግሩ። ወደ ስፖርት የሚመለስበትን ቀን ሐኪሙ ይወስን፣ ቲክቶክ አይወስን።

ለስፖርት መምህራንም አንዲት ቃል አለችኝ። ሜዳ እንደሌላችሁ፣ ኳስ እንደሚያጥራችሁ እናውቃለን። «ቲክቶክ ላይ እዩት» ማለት ግን የትምህርቱ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ የእናንተ ዓይን ነው። ማየቱን የቤት ሥራ አድርጉት፤ ክፍለ ጊዜውን ለማረም አውሉት። 60 ተማሪ ማየት ከከበዳችሁ ሦስት ሦስት አድርጋችሁ መድቧቸው፤ አንዱ ይሠራል፣ አንዱ ይደግፋል፣ አንዱ የነገራችሁትን ሦስት ነጥብ ይዞ ያያል። ያኔ በክፍሉ ውስጥ 20 የሚያይ ዓይን ይኖራል። የመጥረጊያ እንጨትም አይጠፋም።

በሉ እንግዲህ፣ ይሄን ሁሉ ተቀምጣችሁ ስታነቡ ወገባችሁም ደርቋል። ጋዜጣዋን አጠፍ አድርጉና ተነሡ፣ ሰውነታችሁን አፍታቱ። ለሳምንት «ጓደኛዬ ገንዘብ ተበድራኝ አልመለሰችም» ያለችውን ልጅ ጥያቄ ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያው ቸር ይግጠመን!